ኃያላኑ ሲፋጠጡ የጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ ለምን ይወደዳል?

ቡሬም ይሁን ቢቸና፣ ግንቦት ሲጋመስ ገበሬው ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ጎራ ብሎ የዩሪያን ዋጋ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «የዓለም ገበያ ጨምሮ ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን የሚያስረዳው ነገር የለም። ገበያው የጨመረው ማን ምን ስላደረገ ነው? ሞስኮና ዋሽንግተን፣ ቤጂንግና ብራስልስ ሲኳረፉ ሜጫ ላለ የበቆሎ ማሳ ምኑ ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከከረጢቱ እንጀምር። የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ወሩና ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጋዝ

የ50 ኪሎ ከረጢት ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 23 ኪሎ ማለት ነው። ናይትሮጅኑ የሚቀዳው ከአየር ስለሆነ ዋጋ የለውም። ውዱ ሃይድሮጅኑ ነው። ፋብሪካው ሃይድሮጅንን ከተፈጥሮ ጋዝ ያወጣል፣ ከናይትሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አዋሕዶ አሞኒያ ይሠራል፣ አሞኒያውን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አገናኝቶ ነጩን ፍሬ ያወጣዋል። ለአንድ ቶን ዩሪያ 0.58 ቶን ገደማ አሞኒያ ይገባል። አንድ ቶን አሞኒያ ደግሞ እንደ ፋብሪካው ብቃት 35 ሚሊዮን ቢቲዩ ገደማ ጋዝ ይበላል፤ ቢቲዩ ጋዝ የሚሸጥበት የሙቀት መለኪያ ነው። እንግዲህ አንድ ቶን ዩሪያ 20 ሚሊዮን ቢቲዩ ያህል ጋዝ በውስጡ ተሸክሟል።

ሒሳቡን ወደ ኩንታል እናውርደው። ሚሊዮኑ ቢቲዩ 3 ዶላር ሲሸጥ በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ጋዝ 6 ዶላር ነው። ዋጋው 30 ዶላር ሲገባ ያው ኩንታል የ60 ዶላር ጋዝ ይይዛል፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመርከብ ኪራይና የነጋዴ ትርፍ ገና ሳይጨመርበት። 30 ዶላር የተጋነነ ቁጥር እንዳይመስል፦ በነሐሴ 2022 አውሮፓ ውስጥ ጋዝ ከዚያም በላይ ተሽጧል። የአሞኒያ ፋብሪካዎቿ ምርት የቀነሱትና የዘጉትም ለዚህ ነው። እነሱ ሲዘጉ አውሮፓ ራሷ ዩሪያ ፈላጊ ሆና ገበያ ወጣች። ከእሷ ጋር ተጫርቶ የሚገዛው ደግሞ የኢትዮጵያ ገበሬ ነው።

የነገሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነበር። በጥቅምት 2021 ቻይና ወደ ውጭ በሚወጣ ማዳበሪያ ላይ ጥብቅ ፍተሻ ጣለች፤ በተግባር በሩን ገርበብ አደረገችው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩሲያ በኮታ ገደበች። የካቲት 24 ቀን 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ምዕራባውያን ዋና ዋናዎቹን የሩሲያ ባንኮች ከዓለም የክፍያ መረብ አስወጡ፣ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የመንግሥቷን ተቀማጭም አገዱ። ማዳበሪያው ራሱ ማዕቀብ አልተጣለበትም። ግን የሚከፈልበት ባንክ፣ መርከቡን የሚያስመድነው ኩባንያና የሚያራግፈው ወደብ «ነገ ብንጠየቅስ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ማዕቀብ ሲባል ሰው የሚያስበው የተከለከለውን ዕቃ ነው፤ የሚጎዳው ግን ያልተከለከለውም ጭምር ነው። በሚያዝያ 2022 የአንድ ቶን ዩሪያ ዋጋ በ2020 ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱም ኢትዮጵያን ለመጉዳት የተወሰነ አለመሆኑ ነው። ቻይና ገርበብ ያደረገችው የራሷ ገበሬ በውድ እንዳይገዛ ብላ ነው። አንድ መንግሥት ክፉ ቀን ሲመጣ አስቀድሞ የሚያየው የራሱን ጓዳ ነው። ለወግ አጥባቂ የፖለቲካ እይታም መነሻው ይኸው ነው።

ወግ አጥባቂው ምን ይላል?

ወግ አጥባቂ የሚባለው አስተሳሰብ በዓለም ፖለቲካ ላይ ሲናገር ሦስት ነገር ይዞ ነው። የሰው ልጅ በስምምነት ወረቀት ባሕርዩን አይለውጥም፤ ኃይልን የሚገታው ኃይል ነው። አገር የሚጠብቀው መጀመሪያ የራሱን ዜጋ ነው፤ «ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ» የሚባል ባለቤት ያለው ቤት የለም። ለዘመናት የቆየን ሥርዓት በአንድ ጀንበር ማፍረስ ቀላል ነው፤ ምትኩን መሥራት ግን ትውልድ ይፈጃል።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚተረጎመው ኃይልን በኃይል መግታት የሚለው ነው፤ ጦር መስበቅ ይመስላል። የጎጃም ገበሬ ግን በየዓመቱ ይሠራበታል። በቆሎ ሲያፈራ ማሳው ዳር ማማ ተሠርቶ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይቀመጣል። ዝንጀሮው ከጫካው ዳር ሆኖ ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ጠባቂው ወንጭፍ አለው? ይወረውራል? ዛሬስ ማማው ላይ አለ? ሦስቱም ካሉ ድንጋይ ሳይወረወር ይዋላል። አንዱ ከጎደለ፣ ለምሳሌ ልጁ ሁለት ቀን ማማውን ትቶ ከዋለ፣ በሦስተኛው ቀን ማሳው ይዘረፋል። በኃያላን መካከልም መግታት የሚሠራው አቅም፣ ፈቃድና ተቃራኒው ወገን ይህን ማወቁ ሲገናኙ ነው። አሜሪካ ከታይዋን ዙሪያ የባሕር ኃይሏን የማታርቀው፣ የኔቶ አባል አገሮችም ከሩሲያ ጋር በሚዋሰኑበት ድንበር ወታደር ያቆሙት በዚህ ስሌት ነው።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። አሜሪካና ሩሲያ እያንዳንዳቸው ከ5,000 በላይ የኑክሌር አረር አላቸው፤ ቻይና ደግሞ 600 ገደማ ደርሳ በፍጥነት እየጨመረች ነው። ማማው ላይ ያለው ጠባቂ ድንጋዩን ከወረወረ ማሳውም፣ ማማውም፣ ራሱም ይቃጠላሉ። ለዚህ ነው አስተዋይ ወግ አጥባቂዎች ከጥንካሬው ጎን ድርድሩን የማይተዉት። ሮናልድ ሬገን አሜሪካን እየመሩ በ1983 አዳዲስ ሚሳይሎችን አውሮፓ ውስጥ ተከሉ፤ በታኅሣሥ 1987 ደግሞ ከሶቪየቱ መሪ ከጎርባቾቭ ጋር ተፈራርመው ያንኑ ዓይነት ሚሳይል ከሁለቱም ወገን አስወገዱ። መጀመሪያ ባይተከል ኖሮ በኋላ የሚደራደሩበት ነገር ባልነበረ። ያ ስምምነት በ2019 ፈረሰ።

በዛሬው ጊዜ የምዕራቡ ወግ አጥባቂዎች ራሳቸው ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን አሜሪካ ከአውሮፓም ከእስያም ብትወጣ ክፍተቱን ቤጂንግና ሞስኮ ይሞሉታል ይላል። ሌላው ወገን አገራችን ተበድራ የዓለም ዘበኛ መሆኗ ይብቃ፣ ድንበራችንንና ፋብሪካችንን እንጠብቅ ባይ ነው። የመጀመሪያው ወገን የኢራቅን ጦርነት ኪሳራ በቅጡ አልመለሰም፤ ሁለተኛው ደግሞ ማማው ባዶ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይነግረንም። በእኔ ዳኝነት እውነቱ የሚያደላው ኃይል ይኑር፣ ቃልም ጥቂት ይሁን፣ የተሰጠው ቃል ግን ይከበር ወደሚሉት ነው። ከሁለቱ ወገን ማንኛቸውም ሲከራከሩ ግን የእኛን ማሳ አስበው አይደለም። ስለዚህ ማን ያሸንፍ ብሎ ከመደገፍ ይልቅ ማንም ቢያሸንፍ የሚመጣብንን ማወቅ ይበልጣል።

ሁለቱ የባሕር በሮች

ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ማዳበሪያ በሁለት በር ይገባል፤ ይህን ሳይለዩ ስለ ቀይ ባሕር ማውራት ብዙ ሰው ያሳስታል።

የሰሜኑ በር ስዊዝ ነው። ከሞሮኮ፣ ከሩሲያ ወይም ከግብፅ የተጫነ መርከብ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ፣ የባብ ኤል መንደብን ሰርጥ አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል። ሰርጡ ጠባቡ ላይ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የምሥራቁ በር የፋርስ ባሕረ ሰላጤ መውጫ የሆነው የሆርሙዝ ሰርጥ ነው። ከሳዑዲ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወይም ከኳታር የተጫነ ዩሪያ ሆርሙዝን አልፎ በዓረቢያ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ይመጣል። የጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስላለ ይህኛው መርከብ ሰርጡን መሻገር አያስፈልገውም። ከሁለቱም ሰርጥ ውጭ ያለ አቅራቢም አለ፤ የኦማን የሱር ፋብሪካ ከሆርሙዝ ውጭ ባለ ዳርቻ ላይ ነው። ጨረታ የሚያወጣ ሰው ይህን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነው ዋጋ ማወዳደር ያለበት።

የሰሜኑ በር የታወከው በኅዳር 2023 ነው። የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለውን መርከብ ጠለፉ፤ ከዚያ ንግድ መርከቦችን በሚሳይልና በድሮን መምታት ቀጠሉ። የካቲት 2024 ላይ የተመታው ሩቢማር መጋቢት 2 ቀን ሰጠመ። የጫነው ከ21,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር፤ 210,000 ኩንታል ማለት ነው። አሜሪካና አጋሮቿ የባሕር ኃይል ላኩ፤ የአውሮፓ ኅብረትም የራሱን አሰማራ። ግን በሺዎች ዶላር የሚሠራን ድሮን በሁለት ሚሊዮን ዶላር ሚሳይል መምታት የሚያዛልቅ ሒሳብ አልሆነም፤ በሐምሌ 2025 ሁለት መርከቦች እንደገና ሰጠሙ። ብዙ የመርከብ ድርጅቶች መንገድ ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞርን መረጡ። መዞሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል።

ዋጋው ምን ያህል እንደሚጨምር በግምት እናስላ። መርከቡ 30 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ 50,000 ቶን ጭኗል እንበል። የጦርነት ስጋት መድን በሰላሙ ጊዜ ከመርከቡ ዋጋ የአንድ መቶኛ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ነበር፤ በሁከቱ ጊዜ ወደ አንድ በመቶ ተጠጋ። አንድ በመቶ 300,000 ዶላር ነው፤ ለቶን 6 ዶላር፣ ለኩንታል 60 ሳንቲም። መርከቡ ዞሮ ቢመጣና ለ12 ቀን ተጨማሪ ኪራይና ነዳጅ 400,000 ዶላር ቢያወጣ ለኩንታል 80 ሳንቲም ነው። ከአንድ ዶላር ተኩል የማይበልጥ ጭማሪ ማንንም አያስደነግጥም።

የሚጎዳው ቀኑ ነው። 50,000 ቶን 500,000 ኩንታል ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ 1,250 ጊዜ መመላለስ አለበት። ከጅቡቲ በአዲስ አበባ በኩል ደብረ ማርቆስ ድረስ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዓባይን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ አንድ መኪና ደርሶ ለመመለስ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል። መርከቡ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከደረሰ ጭነቱ ለበቆሎ ዘር ይደርሳል። በ14 ቀን ከዘገየ ለጤፍ እንጂ ለበቆሎው የሚሆነው ከፊሉ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከገባ ደግሞ ክረምቱ መንገዱን ይይዘዋል፤ የገጠሩ ጭቃ መንገድ ተሳቢ አያስገባም፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ያለው የመጨረሻው 20 ኪሎ ሜትር ከባሕሩ ይልቅ ያስቸግራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ሌላው ዓለም የሚያመጣብንን መዘግየት የምንችለው በቤታችን ያለው መንገድ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ጅቡቲ አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች አገር ነው። አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ፣ ጃፓን ከ2011፣ ቻይና ከ2017 ጀምሮ የጦር ሰፈር አላቸው፤ ፈረንሳይና ጣልያንም እንዲሁ። የቻይናው ከድንበሯ ውጭ የከፈተችው የመጀመሪያው ነው፤ ከዶራሌ ወደብ አጠገብ። አንዱ ከሌላው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ተቀምጠው ይተያያሉ። ማዳበሪያችን የሚራገፈው በዚህ መተያየት መሐል ነው።

ከዶላር ወደ ብር

ዓለም ባይወደድ እንኳ ዋጋ የሚጨምርበት ሌላ መንገድ አለ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ወደብ ላይ 40 ዶላር የሚያወጣ ኩንታል በ57 ሲመነዘር 2,280 ብር፣ በ130 ሲመነዘር 5,200 ብር ነው። ዶላሩ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ድጎማ የተወሰነውን ይሸከማል እንጂ ሒሳቡን አያጠፋውም።

የምንዛሪው ለውጥ ራሱ ከኃያላኑ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 የዩሮቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገበያ የሸጠችው የዕዳ ሰነድ፣ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። የዕዳው ሽግሽግ የተደራደረው ፈረንሳይና ቻይና በጋራ በሚመሩት ኮሚቴ ነው፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር የመጣውም ከምንዛሪ ማሻሻያው ጋር ነው። በሌላ ቦታ የሚፎካከሩ አገሮች አበዳሪ ሲሆኑ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ተበዳሪው ብቻውን ነው።

ጄኔቫ፣ ኦሜድላ፣ ካሉብ

ወግ አጥባቂ ከታሪክ ይማራል፤ ለእኛ ደግሞ መማሪያው ከደጃችን ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበርን፤ ቃል ኪዳኑ አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል ይል ነበር። ማዕቀብ ተጣለ፣ ነዳጅ ግን አልተካተተም፤ ስዊዝ ካናልም ለጣልያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ ነገሩ አልቆ ነበር። በፈረንጆች 1938 ብሪታንያ የጣልያንን ይዞታ በይፋ ተቀበለች። በዚያን ጊዜ የጎጃም አርበኛ፣ በላይ ዘለቀንና ሌሎችንም ይዞ፣ ያለማንም ረዳት በረሃ ላይ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጣልያን ከጀርመን ጋር ሆና ጦርነት አወጀች። ያችው ብሪታንያ ንጉሡን ከእንግሊዝ ወደ ሱዳን አምጥታ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ባለችው ኦሜድላ በኩል አስገባች። የብሪታንያው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር 2,000 ያህል ሰው ብቻ ይዞ ቡሬንና ደምበጫን አልፎ ደብረ ማርቆስ የገባው፣ ጎጃምን አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያን ተረጋግቶ እንዳይገዛት ያደረገ አርበኛ ስለቆየው ነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። የብሪታንያ ሐሳብ የተለወጠው ፍቅር ስለያዛት አይደለም፤ ጥቅሟ ስለዞረ ነው። የዞረው ጥቅም የሚጠጋበት ኃይል ባያገኝ ኖሮ ግን ለእኛ ምንም ባላመጣ።

ዩክሬንም በታኅሣሥ 1994 ቡዳፔስት ላይ የኑክሌር አረሯን ልታስረክብ ስትፈርም አሜሪካ፣ ብሪታንያና ሩሲያ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ጽፈውላት ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ክራይሚያ ተወሰደች። የጄኔቫን ንግግር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የሚገርመው ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ከማዳበሪያው ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የካሉብ ጋዝ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ ጋዙን በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ደርግ መጣ፤ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጥን፣ አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ቃኘው ተዘጋ። በዚያው ክረምት ሶማሊያ ወረረችን። ሶማሊያን ሲያስታጥቅ የነበረው የሶቪየት ኅብረት ፊቱን አዙሮ እኛን አስታጠቀ። ካሉብ ላይም ሶቪየቶች ገብተው ጉድጓድ ቆፈሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሶቪየቶችም የሉም። ከጊዜ በኋላ ቻይናውያን መጡ። ያ ሁሉ ሲሆን ጋዙ መሬት ውስጥ ነበር፤ የጎጃም ገበሬም ከሌላ አገር ጋዝ የተሠራ ዩሪያ ይገዛ ነበር። ሐምሳ ዓመት።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። መልካም ነው። ግን ያዩ ላይ ከዓመታት በፊት ተጀምሮ የቆመውን የማዳበሪያ ፋብሪካ የሚያስታውስ ሰው ፊርማን ከምርት ጋር አያምታታም። ደግሞም ፋብሪካው ቢያልቅ ዩሪያውን ይሰጠናል እንጂ ፎስፌቱን አይሰጠንም፤ ለኤንፒኤስ፣ ማለትም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ላለበት ማዳበሪያ፣ የሰሜኑ በር እንዳስፈለገን ይቆያል።

ከአንድ ወገን አለመጣበቅ የሚያዋጣ መሆኑን ግን ጎጃም ራሷ ታሳያለች። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ድጋፍ የተቋቋመ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣልያን የጦር ካሣ ተሠራ። የዓባይን በረሃ የሚያሻግረው የሕዳሴ ድልድይ የጃፓን እርዳታ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የባሕር ዳሩን 380 ሜትር ድልድይ የቻይና ተቋራጭ ሠራው። ሁሉም እዚህ ቆመዋል፤ የሠራቸው ሁሉ እርስ በርሱ አይስማማም።

በእጃችን ያለው

የሰው ወርቅ አያደምቅም። የጋዙ ዋጋ፣ የሰርጡ ሰላም፣ የዶላሩ ምንዛሪ ከእኛ እጅ ውጭ ናቸው። በእጃችን ያሉት የመግዣው ጊዜ፣ የመግዣው በር ብዛትና በማሳው ላይ የሚባክነው ናቸው።

ስለ ጊዜው፦ የቀበሌው ፍላጎት ተሰብስቦ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልል አልፎ ግዥ ፈጻሚው ዘንድ እስኪደርስ ወራት ይወስዳል። መሠረታዊ ማኅበሩ ቁጥሩን በጥቅምት አጣርቶ ካልላከ ጨረታው የሚወጣው ሌላው ዓለም ለጸደይ እርሻው በሚሻማበት ወቅት ላይ ነው። የተለመደው ስሕተት «እንዳይጎድል» ብሎ ቁጥሩን ማጋነን ነው፤ የተጋነነ ቁጥር ላይኛው ቢሮ ሲደርስ በግምት ይቆረጣል፣ እውነተኛውን የጻፈም አብሮ ይቆረጣል። ስለ በሩ፦ ከአንድ አቅጣጫ ሁሉንም መግዛት በሰላም ጊዜ ጥቂት ዶላር ያድናል፣ ሰርጡ በተዘጋ ዓመት ግን ወቅቱን ሙሉ ያስከፍላል። ከሰሜን፣ ከሆርሙዝ ውስጥና ከውጭው ከፋፍሎ መግዛት ይሻላል። ዩኒየኖቹ ደግሞ መጋዘናቸው ውስጥ ለከርሞ የሚተርፍ መጠባበቂያ ቢይዙ 14 ቀን የዘገየ መርከብ ወሬ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ ከሲሚንቶ ወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ተደርጎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ካልተደረደረ ይጋገራል።

የማሳው ጉዳይ ከሁሉ ሰፊ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው ምክር ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር፤ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 25 ኪሎ ከእያንዳንዱ። ከዚያ ወዲህ በዳፕ ቦታ ኤንፒኤስ ገባ፣ ምክሩም እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ይለያያል። ዩሪያ ሳይሸፈን በአፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ከፊሉ ናይትሮጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል፤ ከኳታር ድረስ የመጣው ጋዝ ተነነ ማለት ነው። በዋልካ መሬት ላይ ውሃ ቋጥሮ ከተኛ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ውሃው በቦይ ይውረድ። ለበቆሎ ዩሪያውን ከፍሎ፣ ሁለተኛውን ዙር ጉልበት ሲደርስ፣ አረሙ ከወጣ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ በአፈር መሸፈን ነው። አረም ሳይወጣ መጨመር አረሙን መቀለብ ነው።

የጎጃም ደጋ ብዙው መሬት አሲዳማ ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲያንስ በኤንፒኤስ የሚገባውን ፎስፈረስ የአፈሩ አሉሚኒየምና ብረት ይይዘዋል፤ ተክሉ አያገኘውም። ገበሬው የተሰጠውን ልክ ጨምሮ ምርቱ ሲያንስበት ማዳበሪያውን ይጠረጥራል፤ ችግሩ አፈሩ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እንደ አሲዱ መጠን ለሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን፣ ለቃዳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል፣ ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። የኖራ ድንጋይ በዓባይ በረሃ ዳር፣ ደጀን አካባቢ በገፍ አለ። ለኖራ ሆርሙዝም ስዊዝም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መፍጫና መኪና ነው። ይህን ያህል ቅርብ ያለ ነገር ለአርሶ አደሩ በበቂ አለመድረሱ ያሳዝናል።

ኮምፖስትን በሚመለከት ሒሳቡን ሳያጋንኑ መናገር ይበጃል። በደንብ የተሠራ ደረቅ ኮምፖስት ወደ አንድ በመቶ ናይትሮጅን ቢይዝ፣ 10 ኩንታሉ 10 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ከ22 ኪሎ ዩሪያ ጋር ይቀራረባል፣ ሁሉም ግን በመጀመሪያው ዓመት አይለቀቅም። ብቻውን ዩሪያን አይተካም። ኩበት ሆኖ የሚነደውን ፍግ ወደ ማሳ መመለስ ግን በየዓመቱ ከሚገዛው ላይ የተወሰነ ከረጢት ይቀንሳል። ግብጦም እንዲሁ ነው፤ አሲዳማ መሬት ይችላል፣ ናይትሮጅን ከአየር ራሱ ያስራል፣ ያለ ፋብሪካ። ከግብጦ በኋላ በተዘራ ማሳ ላይ ሙሉውን የዩሪያ ልክ ከማፍሰስ በፊት በአንድ ጥግ ቀንሶ መሞከርና በመከር ጊዜ ከሌላው ጋር አመዛዝኖ ማየት ይቻላል። ሙከራው አሥር በአሥር ሜትር ከበቃ መሬቱም ጉልበቱም ትንሽ ነው፤ የሚቀጥለው ጥቅምት ለማኅበሩ የሚጻፈው ቁጥር ከዚያ ጥግ ላይ ይወጣል።